የጨረቃ ማደሪያዎችና «ኮከባቸው አልገጠመም»



ባለፈው ጥር ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ድባጤ ስመጣ፣ የአንድ ዘመዴ ሠርግ ፈርሶ ቆየኝ። ምክንያቱን ብጠይቅ «ኮከባቸው አልገጠመም» አሉኝ። የሁለቱ ስም ከየእናታቸው ስም ጋር በፊደል ተቆጥሮ፣ በ12 ተገድፎ አይስማማም ተብሎ ነው። ልጅቱ ስታለቅስ አየኋት። በእውነት ሰማዩ እንዲህ ይላልን?

፩. ማደሪያ ማለት ምንድን ነው?

ጨረቃ ከአንድ ኮከብ ተነሥታ ወደዚያው ለመመለስ 27 ቀን ከ8 ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። የጥንት ሰዎችም በየሌሊቱ የምታድርበትን ሥፍራ በከዋክብት ለይተው መንገዷን ከፋፈሉት፤ ህንዶች 27 ወይም 28፣ ዐረቦችና ቻይናዎች 28 አደረጉት። በአገራችንም ቦረናዎች 27 የቀን ስሞች አሏቸው፤ ወራቸውንም የሚለዩት ጨረቃን ከታወቁ ከዋክብት ጋር አይተው ነው። ይህንን ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት «ገዳ» በተባለ መጽሐፍ ገልጠውታል።

፪. አንድ ምሳሌ

መጽሐፈ ኢዮብ የሚያነሣቸውን ሰባቱን ከዋክብት እንውሰድ። ዐረቦች «ሱረያ» ብለው 3ኛ ማደሪያ አደረጓቸው። በህንዶች የጥንት ዝርዝር «ክሪቲካ» ተብለው 1ኛ፣ በኋለኛው 3ኛ ናቸው፤ ከእሳት አምላካቸውም ጋር ተያይዘዋል። ቻይናዎች «ማኦ» ብለው 18ኛ አድርገው በምዕራቡ ነጭ ነብር ውስጥ አስገቧቸው። ከዋክብቱ እነዚያው ናቸው፤ ትርጉሙን የሰጠው ሰው ነው።

፫. የእኛ ቁጥር

ቤተ ክርስቲያናችንም ጨረቃን ትቆጥራለች። ባሕረ ሐሳብ በ19 ዓመት ዑደት፣ በአበቅቴና በመጥቅዕ (ድምራቸው 30 ነው) የፋሲካን ቀን ያወጣል። በድባጤም ቢሰላ በጎንደር ውጤቱ አንድ ነው። ያችው ልጅ ግን በቤት ስሟ ብትቆጠር አንድ ኮከብ፣ በክርስትና ስሟ ብትቆጠር ሌላ ኮከብ ሊወጣላት ይችላል። ስሟን ቆጠሩ እንጂ ቀና ብሎ ሰማዩን ያየ አልነበረም።

ስለዚህ ጨረቃን መቁጠር ዕውቀት ነው፤ በዚያ የሰው ዕድል መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

የቤት ሥራ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ምሽቶች ሰባቱን ከዋክብት ፈልጉ። ጨረቃ በአጠገባቸው በምታልፍበት ሰሞን ለሦስት ሌሊት በአንድ ሰዓት ተመልከቱ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስትለኩ፣ በየሌሊቱ ከአንድ ጭብጥ ጥቂት የሚበልጥ ወደ ምሥራቅ ስትርቅ ታገኟታላችሁ። ከዚያም «ኮከባቸው አልገጠመም» ለሚሏችሁ ያያችሁትን ንገሯቸው።