እንጉዳይ ከዛፍ ሥር ወይስ ከጭድ ከረጢት?

ክረምቱ ጠንከር ብሎ ጦሳ በጉም ሲሸፈን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ መንገደኛ በየባሕር ዛፉ ሥር ነጫጭና ቡናማ ባርኔጣዎች ብቅ ብቅ ብለው ያያል። አገሬው የጅብ ጥላ ይለዋል፤ አይበላውም፣ ረግጦት ያልፋል። ባለፈው ክረምት ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ የተቀመጡ አንድ የእህል ነጋዴ ግን በመስኮት እያሳዩኝ፣ "የአዲስ አበባ ሆቴሎች በውድ የሚገዙት ነገር ይኸው ሜዳ ላይ ወድቋል። እኔ ሁለት ሄክታር ባሕር ዛፍ አለኝ፤ ለምን ከሥሩ አልዘራበትም?" አሉኝ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱ ግን ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት መታወቅ አለበት።

እንጉዳይ እንደ ዕፅዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት ስለማይችል ከሌላ መብላት ግድ ይለዋል። ለነጋዴ ዋናው ጥያቄም ከማን ነው የሚበላው የሚለው ነው። አንደኛው ወገን የሞተ ነገር ይበላል፤ ጭድ፣ ግንድ፣ ፍግ። ሁለተኛው ወገን ከሕያው ዛፍ ጋር ሽርክና ይገባል። ፈንገሱ ከፀጉር በቀጠኑ ክሮቹ የሥሩን ጫፍ እንደ ጓንት ያለብሰውና፣ ዛፉ ራሱ ከማይደርስበት አፈር ውሃ፣ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ያመጣለታል። ዛፉ በፋንታው በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይከፍለዋል። ዛፉ ሲቆረጥ ክፍያው ይቋረጣል፤ እንጉዳዩም ይቀራል።

በውጭ ገበያ ስማቸው የገነነው ፖርቺኒ፣ ቻንተሬል፣ የጃፓኑ ማትሱታኬና ትራፍል ሁሉም ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ውድነታቸውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በከረጢት አይመረቱማ! ቻንተሬል እ.ኤ.አ. በ1997 ስዊድን ውስጥ ከፓይን ችግኝ ጋር በመስታወት ቤት መብቀሉ ተዘግቦ ነበር፤ ለንግድ ግን አልበቃም። የተሳካው ትራፍል ነው። ፈረንሳዮች ፈንገሱ ሥሩ ላይ እንዲይዝ የተደረገ የኦክ ችግኝ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሸጣሉ፤ ኒውዚላንድም በ1993 የመጀመሪያ ምርቷን አይታለች። ሆኖም ችግኙ እስኪያፈራ ዓመታት ይጠበቃል። በባንክ ብድር የሚሠራ ሰው የእነዚያን ዓመታት ወለድ ቁጭ ብሎ ያስላው።

ወደ ወሎ እንመለስ። ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የየጎፍ ደን ጥድና ወይራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የነተስፋዬ ውበት ጥናት የ11 አገር በቀል ዛፎችን ሥር መርምሮ፣ ሁሉም የሚሻረኩት ባርኔጣ ከማያወጣ ሌላ ዓይነት ፈንገስ ጋር መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በጥድ ሥር ፖርቺኒ መጠበቅ ከወይፈን ወተት እንደመጠበቅ ነው። ባሕር ዛፍ እንጉዳይ ከሚያወጡ ፈንገሶች ጋር ይሻረካል፤ ነገር ግን የሚወጣው በአብዛኛው ለገበታ የሚሆን አይደለም።

ተስፋ ያለው ፓይን ላይ ነው። በወንዶ ገነት የፓቱላ ደን ውስጥ ተመራማሪዎች ሱይለስ ሉቲየስ የተባለ የሚበላ እንጉዳይ ማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። በኢኳዶር ደጋ፣ ሳሊናስ በምትባል ቦታ፣ ገበሬዎች ይህንኑ እንጉዳይ ከተተከለ ፓይን ሥር ለቅመውና አድርቀው ይሸጣሉ። ዋናው ምርት ግንዱ ነው፤ እንጉዳዩ ምርቃት። ደጋ ላይ ፓይን ያለው ሰው ሊያስብበት ይችላል።

ግን ጥንቃቄ! ከለቃሚ ልጆች በኪሎ ገዝቶ መሸጥ የሚያምረው ካለ ይስማ። ከባዕድ ዛፎች ጋር ገዳይ እንጉዳዮችም አህጉር ተሻግረዋል። የአንዱ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሕመሙ ከተበላ ከስድስት ሰዓት በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ይጀምራል፤ በሽተኛው የተሻለው መስሎ ጉበቱ ይሞታል። በባለሙያ ዓይን ያላለፈ የዱር እንጉዳይ ሸቀጥ አይደለም።

ገንዘቡን ዘንድሮ ማየት የሚፈልግ ወደ አንደኛው ወገን ይሂድ። ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ ጭድ ይበቃዋል። ጭዱ ተከትፎ ይርሳል፣ በበርሜል በእንፋሎት ይታከማል፤ ሲቀዘቅዝ ከዘሩ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ይደረደራል። በሁለት ሦስት ሳምንት ከረጢቱ ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ እርጥበትና አየር ሲያገኝ ያፈራል። የኮምቦልቻ አየር አይከፋውም፤ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ በመሆኗ ደግሞ የጥጥ ተረፈ ምርት ከተገኘ ከጭድ ጋር ይቀላቀላል።

ማነቆው ዘሩ ነው። ዘር የሚባለው በተቀቀለ ማሽላ ላይ በላቦራቶሪ የተራባ ፈንገስ ነውና በጓሮ አይዘጋጅም፤ አቅራቢው ከዘገየ ቤቱ ባዶውን ይውላል። ሁለተኛው ችግር መንገዱ ነው። እርጥቡ እንጉዳይ በጥቂት ቀን ይበላሻል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ማድረቅ ይቻላል፤ ግን ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ስለሆነ 10 ኪሎ እርጥብ 1 ኪሎ ደረቅ ይወጣዋል። ከ10 ኪሎ ደረቅ ጭድ 5 ኪሎ እርጥብ ያገኘ ጀማሪ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ያገኛል ማለት ነው። ዋጋው በዚህ ይሰላ። ጭዱንም ከብት አድላቢው እንደሚሻማዎት አይርሱ።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ሰውዬው ዝም ብለው ሰሙ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ስልካቸውን አወጡና፣ "አንተ፣ ጭድ እዚያ ስንት ገባ?" አሉ።