የተመራማሪ ደመወዝ በፕሮጀክት ሒሳብ እንዴት ይሰላል?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሲነሡ ለነጋዴው ቶሎ የሚታወሱት ፋብሪካው፣ መጋዘኑና የወተት ላሙ ናቸው። ይሁንና በዚሁ አካባቢ ምርምርም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው ሰበታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታኒያ የምርምር ምክር ቤቶች ድጋፍ የተጀመረውና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ያጠናው ኢቲኮቦትስ የተባለው ፕሮጀክትም ከአጋሮቹ አንዱ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል ነበር።

እንዲህ ያለውን ጥናት የሚከፍለው የውጭ ለጋሽ ብቻ አይደለም። የቡራዩ መኖ አምራች ወይም የሱሉልታ ወተት አቅራቢ ከዩኒቨርሲቲ መምህር ጋር ሊዋዋል ይችላል። የበጀት ሰነዱ ሲቀርብለት ታዲያ ከመፈረሙ በፊት በጥንቃቄ ሊያየው የሚገባ አንድ መስመር አለ፤ እርሱም የተመራማሪው ደመወዝ ነው።

ለመሆኑ መነሻ ደመወዝ ምንድነው? ቀጣሪው ተቋም ለመምህሩ መደበኛ ሥራ፣ ማለትም ለማስተማሩም፣ ለምርምሩም፣ ለአስተዳደሩም በቅጥር ደብዳቤ የቆረጠለት ክፍያ ነው። መምህሩ ማታ በሌላ ኮሌጅ አስተምሮ ወይም አማክሮ የሚያገኘው ገንዘብ ከዚህ ውስጥ አይገባም። የኃላፊነትና የቤት አበል የሚገባው የተቋሙ የጽሑፍ መመሪያ ከፈቀደ ብቻ ነው። ውሎ አበል ግን የጉዞ ወጪ እንጂ ደመወዝ አይደለም።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከተው። የአንድ መምህር መነሻ ደመወዝ በወር 36,000 ብር ነው እንበል። ከሥራ ጊዜው 25 በመቶውን ለፕሮጀክቱ ቢያውል የፕሮጀክቱ ድርሻ በወር 9,000 ብር፣ በዓመት 108,000 ብር ይሆናል። ይህም የ3 ወር ሙሉ ሥራ ማለት ነው። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ 11,880 ብር ሲታከልበት ጠቅላላው 119,880 ብር ይደርሳል።

ስህተቱ የሚመጣው መነሻው ሲያብጥ ነው። መምህሩ ከግል ኮሌጅ የሚያገኘው 8,000 ብር ከመነሻው ጋር ተደምሮ 44,000 ብር ተብሎ ቢቀርብ፣ የዓመቱ ድርሻ ከነመዋጮው 146,520 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 26,640 ብር ነው። ጥናቱ ሦስት ዓመት ከፈጀ 79,920 ብር ደረሰ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የሚቀነሰው ከናሙናውና ከመመርመሪያ ዕቃው በመሆኑ፣ ባለገንዘቡ ያዘዘው ጥናት ሳስቶ ይደርሰዋል።

ሌላው ጥያቄ ድርሻው ለማን ይከፈላል የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲው ሙሉ ደመወዝ እየከፈለ ከሆነ 25 በመቶው የሚተካው ለዩኒቨርሲቲው ነው። አንድ ሰው ያለው ጊዜ 100 በመቶ ነውና 125 ሊሆን አይችልም። ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ለሚሠራ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ ካስፈለገ ተቋሙም ከፋዩም አስቀድመው በጽሑፍ ሊፈቅዱት ይገባል።

የወሩ ቁጥርም ያሳስታል። በአሜሪካ በርካታ መምህራን የሚቀጠሩት ለ9 ወር ነው። ደመወዙ 90,000 ዶላር ከሆነ የወሩ ሒሳብ የሚገኘው ለ9 ተካፍሎ ሲሆን፣ እርሱም 10,000 ዶላር ነው። ለ12 ቢካፈል 7,500 ይሆንና ክረምቱን የሠራው ሰው ይጎዳል። በእኛ አገር ቅጥሩ የ12 ወር ስለሆነ አካፋዩ 12 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ደግሞ ጣሪያ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በዓመት 225,700 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን ቀጣሪው ራሱ ይሸፍናል።

የምንዛሪውም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በ57 ብር ሲሰላ 632 ዶላር ገደማ የነበረው የ36,000 ብር ደመወዝ፣ በ100 ብር 360 ዶላር ብቻ ነው። በዶላር የመጣው ገንዘብ በብር ስለበዛ ግን መነሻ ደመወዝ አያድግም። መነሻው የሚያድገው ቀጣሪው ሲጨምር ነው፤ የተረፈውን ምን ላይ ማዋል እንደሚቻል የሚወስነው ከፋዩ ነው።

ስለዚህ ባለሀብቱ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የቅጥር ደብዳቤውን፣ በመቶኛ የተጻፈ የጊዜ ድርሻውን እና በየወሩ ስለሚቀርበው የሥራ ሰዓት መዝገብ ስምምነቱን። ሦስቱ ከተስማሙ ሒሳቡ ትክክል ነው። ካልተስማሙ ግን ጠብ የሚነሣው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በኦዲተር ፊት ነው። ያኔ ተመራማሪውም ባለገንዘቡም እኩል ይከስራሉ።