ስለ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ

በፊዚክስ ትምህርታችን ስለ ሰበቃ ብዙ ተምረናል። ነገር ግን ሰበቃ ማነሱ ብቻውን የአንድን ዕቃ ዕድሜ እንደማያረዝም የሚያስረዳ ታሪክ ስላገኘሁ፥ ባጭሩ ልገልጽላችሁ አሰብሁ።

የጭናችን ዐጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በዳሌ ዐጥንት ጽዋ ውስጥ ይዞራል። ሁለቱም ለስላሳ ልባስ አላቸው፤ በመካከላቸውም እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ ይገኛል። ስለዚህ የሰበቃቸው መጠን ብዙ ጊዜ ከ0.02 አይበልጥም። ይሁን እንጂ ስንራመድ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ኀይል ከሰውነታችን ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ልባሱ በበሽታ ያለቀበት ሰው ዐጥንት ከዐጥንት እየተፋተገበት በመራመድም በመተኛትም ይሠቃያል።

ይህን ሥቃይ ለማስወገድ ከደከሙት አንዱ፥ በእንግሊዝ አገር በራይቲንግተን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ነው። እርሱም የሰውነት ፈሳሽ ብረትንና ፕላስቲክን እንደ ተፈጥሮው ልባስ አድርጎ ሊያለሰልሳቸው እንደማይችል ተረዳ። ስለዚህ ያለ ቅባት በራሱ የሚያንሸራትት ነገር ፈልጎ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. ገደማ ጽዋውን ከቴፍሎን አሠራ። ኳሱን ከማይዝግ ብረት አሠርቶ ቀስ በቀስ እያሳነሰ ወደ 22.225 ሚሊሜትር ስፋት አደረሰው። ጽዋውን የሚነቀንቀው የማዞር ጉልበት የሰበቃው ኀይልና የኳሱ ራዲየስ ብዜት ነውና፥ ኳሱ ሲያንስ ጉልበቱም ያንሳል።

በመጀመሪያ በሽተኞቹ ሕመማቸው ጠፍቶላቸው ደስ አላቸው። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ብረቱ ቴፍሎኑን እየበላ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ወፍጮ በተወቀረ ማግስት የድንጋዩ ብናኝ ከዱቄቱ እንደሚገባ ሁሉ፥ የቴፍሎኑም ብናኝ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ገብቶ አስቈጣው። መገጣጠሚያው የገባላቸው ሰዎች ወደ 300 ይጠጉ ነበርና ብዙዎቹ ዳግመኛ ኦፕራሲዮን አስፈለጋቸው። ቻርንሊም ጉዳቱን ለማረጋገጥ ብናኙን በገዛ ጭኑ ውስጥ አስገብቶ ተመለከተ።

ሳሙና ከሞረድ ይልቅ ያሙለጨልጫል፤ ቶሎ የሚያልቀው ግን ሳሙናው ነው። ማንሸራተትና አለመበላት ሁለት ልዩ ልዩ ጠባዮች ናቸው።

በ1962 አንድ ነጋዴ ፖሊኤቲሊን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ አመጣ። ቻርንሊ ቢንቀውም ረዳቱ ሃሪ ክሬቨን በመሞከሪያ መኪናው ላይ ፈተነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲፋተግ ቴፍሎን በአንድ ቀን የሚበላውን ያህል እንኳ አልተበላም። ሰበቃው ከቴፍሎን ይበልጣል፤ ዕድሜው ግን እጅግ ይረዝማል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ለሰው መግባት ጀመረ።

ይህም ቢሆን በዓመት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ይበላ ነበር። አንድ ሰው በአንድ እግሩ በዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል ጊዜ ይረግጣልና፥ እኔ ሳሰላው በአንድ እርምጃ የሚጠፋው የሚሊሜትር አንድ ዐሥር ሚሊዮንኛ ሆነ። ይህ ኢምንት ቢመስልም፥ ደቃቁን ብናኝ የደም ነጭ ሕዋሳት ሊውጡት ሲታገሉ በዙሪያው ያለው ዐጥንት ይሟሟና መገጣጠሚያው ይላላል። ስለዚህ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ፖሊኤቲሊኑን በጨረር አጠንክረው መበላቱን በብዙ ቀንሰውታል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ነገ መሐንዲስ ወይም ሐኪም ለመሆን የምታስቡ ሁሉ፥ አንድ ዕቃ ዛሬ በመልካም መሥራቱን ብቻ ሳይሆን ከሚሊዮን እርምጃ በኋላ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ መርምሩ፤ የተናቀውንም ነገር ሳትፈትኑ አትጣሉ።