የወደቀ ፕሮግራም አሻራው የት ይደርሳል?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የበረራ መቅረጫዎች በማግስቱ ተገኝተው ፓሪስ ውስጥ መነበባቸው ይታወሳል። የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ሲወድቅ የሚተወው ተመሳሳይ መዝገብ አለ። ይህም «ኮር ዳምፕ» ይባላል፤ ፕሮግራሙ በሞተበት ቅጽበት በማኅደረ ትውስታው የነበረው ይዘት ወደ ዲስክ የተገለበጠበት ፋይል ነው።

«ኮር» የሚለው ስም የፊዚክስ ተማሪን ሊማርከው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1953 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ዊርልዊንድ» በተባለው ኮምፒዩተር ላይ የተገጠመው ማኅደረ ትውስታ ከጥቃቅን የፌራይት ቀለበቶች የተሠራ ነበር። የእያንዳንዱ ቀለበት ማግኔታዊ አቅጣጫ አንድን ቢት ይወክላል፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አቅጣጫው ባለበት ይጸናል። የዛሬው ማኅደረ ትውስታ ግን መረጃውን በጥቃቅን ካፓሲተሮች ስለሚይዝና ኃይላቸው ስለሚያፈስስ፣ በየ64 ሚሊ ሴኮንዱ ገደማ መታደስ አለበት። ስሙ ቀረ፤ ጽናቱ ግን ጠፋ።

እንግዲህ የአንድ ኮሌጅ የምዝገባ ሰርቨር በሊኑክስ ላይ እየሠራ ሌሊት ሌሊት ይወድቃል እንበል። ጠዋት ሲታይ ኮር ዳምፕ የለም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

ከዳሪሙ እስከ መቱ ያለ አንባቢ አስቀድሞ የሚጠረጥረው የመብራት መቋረጥን ነው፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው። ቅጂውን የሚጽፈው ከርነሉ ስለሆነ እርሱም አብሮ ከሞተ የሚጽፍ አይኖርም። ማሽኑ መቼ እንደተነሣ መመልከት ይህን ይለያል።

ማሽኑ ሳይጠፋ ፕሮግራሙ ብቻ ከሞተ ግን አሟሟቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። የሊኑክስ ፕሮግራም የሚገደለው ቁጥር ባላቸው ሲግናሎች ነው። ያልተፈቀደለትን የትውስታ አድራሻ ሲነካ 11 ቁጥር፣ ራሱን ሲያቋርጥ 6 ቁጥር ይደርሰዋል፤ እነዚህ ቅጂ ያስገኛሉ። 9 ቁጥር ግን ምንም አያስቀርም። ማኅደረ ትውስታ ሲያልቅ ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም መርጦ የሚገድለው በዚሁ በ9 ቁጥር ነው። ሼሉ የሚሰጠው የመውጫ ቁጥር 128 ሲደመር የሲግናሉ ቁጥር ነውና፣ 139 ካነበብን ቅጂ መፈለግ ይገባል፤ 137 ከሆነ ግን ፍለጋው ከንቱ ነው፤ የከርነሉን መዝገብ ማንበብ ይሻላል።

ሲግናሉ 11 ሆኖ ሳለ ፋይሉ ካልተገኘ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመጠን ገደቡ ነው። በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች የቅጂው መጠን ገደብ ዜሮ ሆኖ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ በራሳቸው ሼል «ዩሊሚት» ብለው ገደቡን ያነሡና ነገሩ ያበቃ ይመስላቸዋል። ገደብ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ነው፤ ሰርቨሩን ያስነሣው ሲስተምዲ ከሆነ የእናንተ ሼል ወላጁ አይደለም። ስለዚህ ገደቡ በአገልግሎቱ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ መነሣት አለበት። እውነቱን ለማረጋገጥ በ«ፕሮክ» ማውጫ፣ በፕሮግራሙ መለያ ቁጥር ሥር ያለውን «ሊሚትስ» የተባለ ፋይል ማንበብ ነው።

ቀጥሎ ቦታው ነው። «ኮር ፓተርን» የተባለው የከርነል ፋይል ቅጂው የት እንደሚጻፍ ይወስናል። በተራ ስም ብቻ ከተሞላ ቅጂው ፕሮግራሙ በቆመበት ማውጫ ይጻፋል፤ ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ በሥረ ማውጫው ላይ ይቆማሉ፤ እዚያም ተራ ተጠቃሚ መጻፍ አይችልም። በቀጥታ መስመር ምልክት ከጀመረ ግን ቅጂው ለሌላ ፕሮግራም ይተላለፋል፤ በሲስተምዲ ከሆነ «ኮርዳምፕሲቲኤል» በሚባለው ትእዛዝ ይገኛል፤ ከጊዜ በኋላም ራሱ ይሰርዘዋል። በዋና አስተዳዳሪ ሥልጣን ተነሥቶ ወደ ተራ ተጠቃሚ የሚወርድ ፕሮግራምማ፣ ምስጢር እንዳያወጣ ሲባል ቅጂው ሊከለከል ይችላል።

ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በምዝገባው ሰርቨር ቅጂ ውስጥ በዚያች ቅጽበት የተከፈተ የተማሪ ውጤትና የይለፍ ቃል ሳይቀር ሊገኝ ይችላል። ፋይሉን ከአስተዳዳሪው በቀር ማንም እንዳያነብበው ማድረግና ምርመራው ሲያልቅ መሰረዝ ያስፈልጋል።