የጭነት መኪና ፍሬንና ባሌስትራ በገዛ እጅ ስለ መጠገን



በ2011 ዓ.ም. በሰኔ ወር ከአጎቴ ጋራ ከደብረ ማርቆስ ጤፍ ጭነን ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ፥ ደጀንን ዐልፈን የዐባይን ቁልቁለት እኩሌታ ያህል እንደ ወረድን የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ሰመጠ። አጎቴ አልጮኸም። ማርሹን ወደ ታች መለሰ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብ ለቀቅ እያደረገ መኪናውን በተራራው ወገን ወዳለው የውሃ መውረጃ ቦይ አስገባና ከግንቡ ጋራ እያሻሸ አቆመው። የእጅ ፍሬኑ የሠራበት ምክንያት በዚያ መኪና ላይ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ በመሆኑና በዘይት ሳይሆን በሽቦ የሚሳብ በመሆኑ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆመን ፔዳሉን ብንረግጠው እንደ ቀድሞው ደንድኖ ተገኘ። እኔም «ጋሼ፥ ይኸስ ተኣምር ነው» አልሁ። እርሱም «ተኣምር አይደለም፤ ዘይቱ ፈልቶ በርዶ ነው» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። በታሸገ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ፥ ይኸውም የፓስካል ሕግ መሆኑን፥ ሁላችንም በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈናል። ይሁን እንጂ ያ ሕግ በእግራችን ሥር ሆኖ ነፍሳችንን ሲሸከም አናውቀውም። ዘይት አይጨመቅም፤ ስለዚህ እግራችን የገፋው ሁሉ ጎማው ዘንድ ይደርሳል። እንፋሎትና አየር ግን ይጨመቃሉ። በቧንቧው ውስጥ ጥቂት አረፋ ካለ፥ የእግራችን ኀይል አረፋውን በመጨፍለቅ ያልቃል እንጂ ጎማውን አይዝም።

ዘይቱ ለምን ይፈላል? ሒሳቡ እንዲቀል ጭነቱን ጨምሮ 10,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ወረደ እንበል፤ ከደጀን እስከ ዐባይ ድልድይ ያለው ከዚህ ይበልጣል። የሚለቀቀው ኀይል 98 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህም 290 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ሞተሩና ነፋሱ የማይሸከሙት ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። በከፍተኛ ማርሽ እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ የሚወርድ ሾፌር እንግዲህ ከታምቡሮቹ ሥር እሳት አንድዷል ማለት ነው።

ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ 4 በመቶ የማይሞላ ውሃ ሲጠጣ የመፍያው ልክ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የአጎቴን መኪና ያይ የነበረው ጋራዥ ዘይቱ በጎደለ ቍጥር ይሞላ ነበር እንጂ ለብዙ ዓመት ጨርሶ ለውጦት አያውቅም። ብናወጣው ቡና መስሎ ወጣ። በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባዋል።

በዚያ ክረምት በአጎቴ ግቢ የተማርሁት የመጀመሪያው ነገር ቁልፍ መያዝ አልነበረም። መኪናውን በደልዳላ መሬት ማቆም፥ ለማይነሡት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ማድረግ፥ በክሪክ ካነሡ በኋላም ክብደቱን በካቫሌቶ ላይ ማሳረፍ ነበር። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር የሚገባ ሰው፥ ዲግሪ ቢኖረውም፥ አላዋቂ ነው።

ታምቡሩ ሲወልቅ በውስጡ ያለውን ጥቁር ትቢያ በኮምፕረሰር መንፋት በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው። በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ትቢያው ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በውሃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ ነው። ሸራው ሳስቶ ወደ መያዣ ምስማሮቹ ራስ ከቀረበ ይለወጣል፤ ሲለወጥም የግራውም የቀኙም አብሮ ነው፤ አለዚያ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ግራሶ ወይም ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ሲግል የጠጣውን መልሶ ያወጣዋል። መጀመሪያ የሚያፈስሰውን ጎሚኒ መለወጥ፥ ቀጥሎ ሸራውን መለወጥ ነው። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት የሚጨምሩም አሉ፤ ያ ዘይት ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣቸዋልና ፍሬኑ ከዚያ በኋላ አይታመንም።

አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ ከዋናው ፖምፓ በጣም ከራቀው ጎማ ይጀመራል፤ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ተራ ካዘዘ እርሱን መከተል ነው። የጠራ ቀጭን ጎማ በማስወጫዋ ብሎን ላይ ይሰካል፤ ሌላው ጫፉ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። አንዱ «ረገጥሁ» ሲል ሌላው ብሎኗን ይከፍታል፤ ፔዳሉ ወለል ሲነካ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ብቻ እግር ይነሣል። ይህን ቅደም ተከተል እኔ አንድ ጊዜ አሳስቼ ያስወጣነውን አየር ሁሉ መልሼ አስገባሁት፤ አጎቴም ሳይቈጣ እንደ ገና ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። በላይ ያለው ማጠራቀሚያ እንዳይጎድል መጠበቅ፥ የወጣውንም ዘይት መልሶ አለመጨመር ነው። በመጨረሻ ፔዳሉን ረግጦ መያዝ ይገባል፤ ከእግር ሥር ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይ አንድ ቦታ ዘይት ይፈስሳል፥ ወይ ዋናው ፖምፓ በውስጡ ያሳልፋል።

ስለ ባሌስትራ ደግሞ ልንገራችሁ፤ የአጎቴ ጥፋት እዚህ ላይ ነበርና። ብዙ ለመጫን ሲል ከኋላ ሁለት ቅጠል አስጨምሮ ነበር። ሦስት ኩንታል በዛ አምስት ኩንታል በዛ መኪናው አይጎብጥም፤ ስለማይጎብጥም ትርፍ ጭነቱ ለዐይን አይታይም። ዳሩ ግን ባሌስትራ ሲጨመር ፍሬን አልተጨመረም። ታምቡሩ ያው፥ ሸራው ያው፥ ፖምፓው ያው ነው። ሁለቱን ቅጠሎች ስናወጣ አጎቴ ገቢው እንደሚቀንስ ዐውቆ ዝም ብሎ ይሠራ ነበር፤ እኔም የትምህርት ቤት ወጪዬ ከዚያ ገቢ እንደሚመጣ ዐውቅ ነበር።

ባሌስትራ ጭነት ከመሸከም ሌላ አክሱን በቦታው የሚይዝ ነው። የመካከሉ ብሎን ከተቈረጠ አክሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ መኪናው ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል። በቅጠሎቹ ላይ የዝገት መስመር ካያችሁ ስንጥቅ ነው ብላችሁ መርምሩ። ባሌስትራውን ከአክሱ ጋራ የሚያስሩት ጎባጣ ብሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይለወጣሉ፥ በልኩም ይጠብቃሉ፤ ጭነት ተጭኖ ጥቂት ከተሄደ በኋላም እንደ ገና ይጠብቃሉ፤ ቅጠሎቹ ተቀማምጠው ይላላሉና።

የማይነካም አለ። በትላልቆቹ መኪናዎች በአየር በሚሠራው ፍሬን ላይ ያለው ክብ ቆርቆሮ በውስጡ የታመቀ ኀይለኛ ሞላ አለው፤ ሳይታሰር ቢከፈት ሰው ይገድላል። እርሱን ለሠለጠነ መካኒክ መተው እንጂ መድፈር ጀግንነት አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን እጅን በግራሶ ማበላሸት ለተማረ ሰው አይገባም ይላሉ። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ግን ዛሬም አልጨረስነውም። የፊዚክስ ደብተሩን ይዞ ጋራዥ የሚገባ ተማሪ ከመካኒኩ ጋራ ቢወያይ ሁለቱም ይጠቀማሉ ብዬ ዐምናለሁ፤ በእኔ በኩል የተጠቀምሁት እኔ ነኝ።

በነሐሴ መጨረሻ ቀለል ያለ ጭነት ይዘን በዚያው ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ወረድን። ወደ ድልድዩ ሳንደርስ ቆመን እጃችንን ሳናስነካ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አቀረብን። የኋላው ግራ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግል ነበር፤ ሸራው ከታምቡሩ ጋራ አጥብቆ ይተሻሻል ማለት ነው። እስኪበርድ ጠብቀን ማስተካከያውን ሁለት ጥርስ አላላነውና ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ያዝን።