ከወገን ጋር መቆምና ከወገን መለየት



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን ነው ያደግነው። አንድነት ኃይል መሆኑን የማያውቅ በመካከላችን የለም። መዘምራን ካልተባበሩ ዜማው ይበላሻል፤ ማኅበርም በአንድ ልብ ካልመከረ ሥራው አይፈጸምም። ይሁን እንጂ ሰው ከገዛ ወገኑ ጋር የማይስማማበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን ምን ማድረግ ይገባዋል? ዝም ብሎ መከተል ነውን? ወይስ ጥሎ መውጣት? ይህን ጥያቄ በዛሬው ጥናታችን በአንድ የሕዝብ እንደራሴ ሕይወት እንመረምራለን። እኒህ ሰው በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ ማለትም በሴኔት፣ ለ30 ዓመት የተቀመጡት ማርክ ሃትፊልድ ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. እኒህ ሰው ማን ነበሩ?

ማርክ ሃትፊልድ በ1922 በኦሪገን ግዛት ተወለዱ። አባታቸው ለባቡር ሐዲድ ድርጅት የሚሠሩ አንጥረኛ፣ እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። በሃይማኖታቸው ባፕቲስት ነበሩ፤ እምነታቸውንም በአደባባይ ከመናገር አያፍሩም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል መኮንንነት ወታደሮችን ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያወርዱ ጀልባዎችን እየመሩ በኢዎ ጂማና በኦኪናዋ ውጊያ ተካፈሉ። በ1945 የአቶም ቦምብ ከወደቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሂሮሺማ ገብተው ፍርስራሹን በዓይናቸው አዩ። ስለ ጦርነት የነበራቸው አሳብ ሥሩ ይህ ነው።

ከጦርነቱ ተመልሰው በሪፑብሊካን ፓርቲ ስም ለኦሪገን ምክር ቤት ተመረጡ። በ1953 ሆቴልና ምግብ ቤት ሰውን በቆዳው ቀለም ምክንያት እንዳይከለክል የሚያዝ ሕግ እንዲወጣ ደክመው ሕጉ ጸደቀ። የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያለውን ሕግ ለመላው አገር ያወጣው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1964 ነበር። ከ1959 እስከ 1967 ድረስ የኦሪገን አገረ ገዥ ሆነው ሠሩ፤ ከዚያም እስከ 1997 በሴኔት ተቀመጡ።

2. ከወገናቸው የተለዩባቸው ጊዜያት

በ1966 የአገረ ገዥዎች ጉባኤ የቬትናምን ጦርነት የሚደግፍ ውሳኔ ሲያቀርብ ብቻቸውን የተቃወሙት ሃትፊልድ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ሊንደን ጆንሰን የዴሞክራት ፓርቲ ሰው ስለ ነበሩ፣ «የተቃዋሚን ፓርቲ መሪ መንቀፍ ምን ያስደንቃል?» ሊባል ይችላል። ፈተናው የመጣው በ1969 ነው። በዚያ ዓመት ሪቻርድ ኒክሰን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኒክሰን የገዛ ፓርቲያቸው ሰው ናቸው፤ ሃትፊልድም በምርጫው ደግፈዋቸው ነበር። ጦርነቱ ግን አላቆመም፤ ሃትፊልድም ቃላቸውን አልለወጡም። በ1970 ከዴሞክራቱ ሴናተር ከጆርጅ ማክገቨርን ጋር ሆነው ወታደሮቹ በተወሰነ ቀን ከቬትናም እንዲወጡ የሚያዝ ማሻሻያ አቀረቡ። አሳቡ በ55 ተቃውሞና በ39 ድጋፍ ወደቀ። በ1973 በተደረገው ብሔራዊ የጸሎት ቁርስም ላይ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በተቀመጡበት፣ አገሪቱ ስለ ጦርነቱ ንስሐ እንደሚያስፈልጋት ተናገሩ።

በ1982 ደግሞ ከዴሞክራቱ ከኤድዋርድ ኬኔዲ ጋር የአቶም መሣሪያ ክምችት ባለበት እንዲገታ ጠየቁ፤ ፕሬዚዳንቱ ሮናልድ ሬገን ግን የፓርቲያቸው ሰው ሆነው ይህን አሳብ ይቃወሙ ነበር። በጥር 1991 ሴኔቱ በኢራቅ ላይ ለሚደረገው ጦርነት በ52 ለ47 ድምፅ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ከሪፑብሊካን አባላት የተቃወሙት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ሃትፊልድ ናቸው።

3. የአንድ ድምፅ ክብደት

ከሁሉ የከበደው ፈተና በ1995 ደረሰ። ሪፑብሊካን ፓርቲ ከ40 ዓመት በኋላ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያሸነፈበት ጊዜ ነበር። ፓርቲው ለሕዝብ ከገባቸው ታላላቅ ተስፋዎች አንዱ፣ የመንግሥት ወጪ ከገቢው እንዳይበልጥ የሚያስገድድ ቃል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲጻፍ ማድረግ ነበር። የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት በ300 ለ132 ድምፅ አጸደቀው። በሴኔት ውስጥ ግን ከ100 አባላት ሁለት ሦስተኛው፣ ይህም 67 ድምፅ፣ ያስፈልግ ነበር። ደጋፊዎቹ ቢቈጠሩ 66 ሆኑ። ከፓርቲው አሳቡን የተቃወሙት ሃትፊልድ ብቻ ነበሩ።

ሃትፊልድ ዕዳን ወድደው አልነበረም። በጀት የሚስተካከለው እንደራሴዎች ቈርጠው ወጪ ሲቀንሱ ወይም ግብር ሲጨምሩ እንጂ በሕገ መንግሥት ላይ ቃል በመጻፍ አይደለም የሚል እምነት ነበራቸው።

እዚህ ላይ ስሌቱን ልብ እንበል። ሃትፊልድ ወንበራቸውን ቢለቁ ኖሮ ድምፅ የሚሰጡት 99 ይሆናሉ፤ የ99 ሁለት ሦስተኛ 66 ስለሆነ አሳቡ ያልፍ ነበር። ሃትፊልድም ለፓርቲው መሪ ለቦብ ዶል፣ «ካስፈለገ ሥራዬን እለቃለሁ፤ በእጄ ግን አልደግፍም» የሚል አሳብ አቀረቡ። ዶል ይህን አልተቀበሉም። ማርች 2 ቀን ድምፅ ተሰጥቶ አሳቡ ወደቀ።

ከዚህ በኋላ አንዳንድ ወጣት የፓርቲው ሴናተሮች ተቈጡ። ሃትፊልድ የመንግሥትን ገንዘብ የሚደለድለው ኃይለኛ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ስለ ነበሩ፣ ከዚህ ሥልጣን ይነሡ ተባለ። የተቈጡትም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሊቀ መንበርነት ፓርቲው በአደራ የሚሰጠው ነው፤ ፓርቲው ለሕዝብ የማለውን ቃል የሚያፈርስ ሰው አደራውን ሊይዝ አይገባውም ይሉ ነበር። በአሜሪካ አሠራር ፓርቲ አባሉን ከምክር ቤት ወንበሩ ሊነቅለው አይችልም፤ ወንበሩን የሚሰጠው የመረጠው ሕዝብ ነውና። ሊቀ መንበርነትን ግን መንሣት ይቻላል። የፓርቲው ሴናተሮች ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ ሳይቀጧቸው ቀሩ።

4. ጉድለታቸውንም እንይ

ሰውን ስናመሰግን እንከን የሌለው ማድረግ አይገባንም። ሃትፊልድ የሞት ቅጣትን ይቃወሙ ነበር። ነገር ግን በ1962 አገረ ገዥ ሳሉ አንድ እስረኛ ሲገደል ምሕረት ለማድረግ ሥልጣን እያላቸው አላደረጉም፤ ሕዝቡ ያጸናውን ሕግ ማስፈጸም ግዴታዬ ነው ብለው ነበር። ሁለት ዓመት ቈይቶ፣ በ1964፣ የኦሪገን ሕዝብ ራሱ በድምፁ የሞት ቅጣትን ሻረ። የሞተው ሰው ግን አልተመለሰም። እንደገናም በ1992 የሴኔቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የተቀበሏቸውን ስጦታዎች እንደ ደንቡ ባለማስመዝገባቸው ገሠጻቸው። ስለዚህ በአንድ ነገር ለኅሊናው የጸና ሰው በሌላው ሊደክም እንደሚችል እንረዳለን።

5. ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ከወገን መለየት በራሱ ጽድቅ አይደለም። ለመታየት ወይም ከቂም የተነሣ የሚለይ ብዙ ነው። መለኪያው አንድ መሆን አለበት። ሃትፊልድ ጦርነትን በዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ዘመን ተቃወሙ፤ በሪፑብሊካኑም ዘመን ተቃወሙ። እኛ በባዕድ ላይ የምንነቅፈውን በገዛ ወዳጃችን ላይ ስናይ ዝም የምንል ከሆነ፣ የምንጠላው ስሕተቱን ሳይሆን ሰውየውን ነው።

ሁለተኛ፣ ልዩነት በግልጽና ዋጋውን በመቀበል ይሁን። በስብሰባ ራሳችንን ነቅንቀን ተስማምተን ስናበቃ በደጅ ማንሾካሾክ ኅሊና አይባልም።

ሦስተኛ፣ ተለይቶ መጥላት አያስፈልግም። ሌላው የኦሪገን ሴናተር ዌይን ሞርስ ከሪፑብሊካን ፓርቲ ጋር ሲጣሉ ትተውት ወጡ፤ ኋላም ዴሞክራት ሆኑ። ሃትፊልድ ግን በፓርቲያቸው ውስጥ ቈዩ። ደግሞም ሞርስ በ1966 ምርጫ የገዛ ፓርቲያቸው ዕጩ ጦርነቱን ስለ ደገፈ ሪፑብሊካኑን ሃትፊልድን ደገፉ። መውጣትም መቈየትም እንደ ኅሊና ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አራተኛው ትምህርት ለብዙኃኑ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23 የተጻፈውን የአርማትያሱን ዮሴፍ እናስታውስ። በሸንጎው ተቀማጭ ነበር፤ በጌታ ላይ በተመከረው ምክር ግን አልተባበረም። ሸንጎው የዚህን አንድ ሰው አሳብ አስተውሎ ቢሆን ኖሮ ብለን እናስብ። እኛም በማኅበራችን አንድ ልጅ ብቻውን እጁን አንሥቶ «አልስማማም» ሲል፣ ከመሣቃችንና ከማግለላችን በፊት ምክንያቱን እንጠይቀው። ድር አብሮ አንበሳ የሚያስረው እያንዳንዱ ክር ጠንካራ ሲሆን ነው፤ የበሰበሰ ክር ቢያብርም ይበጠሳል።

ማርክ ሃትፊልድ በነሐሴ 2011 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። የኦሪገን ሕዝብ ለሴኔት አምስት ጊዜ መርጧቸዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ) ሃትፊልድ «እለቃለሁ» ማለታቸው ትክክል ነበርን? ቢለቁ የማያምኑበት ነገር ያልፍ አልነበረምን?

ለ) ቦብ ዶል የመልቀቂያውን አሳብ ቢቀበሉ ኖሮ ፓርቲያቸው ያሸንፍ ነበር። ያልተቀበሉት ለምን ይመስላችኋል?

ሐ) አገረ ገዥ ሆነው በ1962 ያደረጉት፣ በሴኔት ካደረጉት ጋር ይስማማልን?

መ) በማኅበራችን ውሳኔ ያልተስማማ ሰው አሳቡን ሳይፈራ የሚናገርበት መንገድ አለን? ከሌለ እንዴት እናዘጋጅ?