የጭነት መኪና የጭስ ማውጫ ፍሬን፤ ቦታውና አጠባበቁ

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በቆሎና በርበሬ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ደጀንን ካለፈ በኋላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገራል። በአዲስ አበባ በኩል ማዳበሪያ ይዞ ወደ ጎጃም የሚመጣውንም ከጎሐ ጽዮን በታች ይህንኑ የመሰለ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በሁለቱም አቅጣጫ መኪናው የሚወርደው ከነሙሉ ጭነቱ ነውና፣ የዕቃው ባለቤት የሆነ ነጋዴ ሁሉ ስለ ፍሬን ጥቂት ማወቅ ይገባዋል።

በእግር የሚረገጠው ፍሬን ጎማውን የሚይዘው በሰበቃ ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለ ዕረፍት ከተረገጠ የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ እጅግ ይግላሉ፤ በጋሉም መጠን የመያዝ ኃይላቸው ይደክማል። ለዚህ ረዳት እንዲሆን በናፍጣ መኪናዎች ላይ ኤግዞስት ብሬክ የሚባለው የጭስ ማውጫ ፍሬን ይገጠማል። ሾፌሩ ማብሪያውን ከፍቶ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ፣ በጭስ ማውጫው ቧንቧ ውስጥ ያለው ክብ መዝጊያ ይዘጋል፤ ናፍጣም ወደ ሞተሩ መግባቱን ያቆማል። መውጫ ያጣው አየር ፒስተኑን ስለሚገታው ሞተሩ ይከብዳል፤ በማርሹም በኩል ጎማውን ያዘገየዋል።

ቦታውን የሚፈልግ ሰው ከሞተሩ የሚወጣውን የጭስ ቧንቧ ይከተል። መዝጊያው ቱርቦ ባለው መኪና ከቱርቦው በኋላ፣ ከማርሚታውም በፊት ይገኛል። ከጎኑ መዝጊያውን የሚያንቀሳቅስ ዘንግና ትንሽ ሲሊንደር አለ፤ ይኸውም በትልልቆቹ መኪናዎች በታመቀ አየር፣ በአነስተኞቹ ብዙ ጊዜ በቫኪዩም ይሠራል።

ዋናው ጠላቱ ጥላሸት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የቆየ መዝጊያ ዘንጉ በጥላሸትና በዝገት ይጣበቃል። ተከፍቶ ከቀረ ፍሬኑ የለም ማለት ነው፤ ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ ሞተሩ ታፍኖ ኃይል ያጣል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ዘንጉን ማንቀሳቀስ፣ ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ መጥረግና ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ቅባት መቀባት ያስፈልጋል፤ ተራ ግሪስ በዚያ ሙቀት ይቃጠላል። እንደዚሁም ቱቦዎቹ አለመሰንጠቃቸው ይመርመር፤ በአየር ለሚሠራውም ከአየር በርሜሉ ውሃው ይፍሰስ።

ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ማርሹን ይቀንስ። ይህ ፍሬን በዜሮ ማርሽ ከቶ አያገለግልም፤ የቆመ መኪና አይዝም፤ የእግር ፍሬንንም አይተካም።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ወይም የሚከራይ ነጋዴ ማብሪያው በመሪው አጠገብ መኖሩን አይቶ ብቻ አይመን፤ መዝጊያው ሲንቀሳቀስ በዓይኑ ይመልከት። ምርመራው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በዓባይ ቁልቁለት ፍሬን ሲከዳ የሚጠፋው ግን ጭነቱ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም ነው።